ከምንጩ በላይ ያለው መታጠፊያ

ቀን፦ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም

ለወረዳችን መንገድና ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

አመልካች፦ አምሳሉ አካለ ወልድ፣ አርሶ አደር፣ የአምባ ምንጭ ቀበሌ ነዋሪ

ጉዳዩ፦ የነፋስ ኃይል ማመንጫው የጭነት መኪኖች ከመግባታቸው በፊት የመንገዱ መታጠፊያ ቦታ እንዲለወጥ ስለመጠየቅ

1. ክቡር ኃላፊ ሆይ፣ ከቀበሌያችን በላይ ባለው ውርጫማ ሜዳ ሊተከል የታሰበውን የነፋስ መብራት አንቃወምም። መብራቱ ያስፈልገናል፤ ነፋሱም እስከ ዛሬ ክዳናችንን ከመገልበጥ በቀር የፈየደልን የለም። የምንፈራው ምሰሶውንና ክንፉን ጭነው የሚወጡትን መኪኖች ነው። በቀን ሠላሳ መኪና እንደሚመላለስ፣ ሥራውም ኅዳር 27 እንደሚጀመር በስብሰባ ተነግሮናል።

2. ጥቅምት 28 ለሙከራ የመጣው ረጅም ተሳቢ ከምንጩ በላይ ሲታጠፍ ኋላው ከመንገዱ ወጥቶ ተማሪዎች የሚሄዱበትን የእግር መንገድ ጠረገው። የጎረቤቴ የወ/ሮ አይናዲስ ልጅ ዘሪቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚያው ነበረች። ወደ ቦዩ ዘለለች፤ ክንዷ ተሰበረ። ሾፌሩ አላየም፣ አልቆመም። ኧረ እንዴት ብሎ ይየው! የዚያ መኪና ፊትና ኋላ የሁለት አገር ሰው ነው። እርሷስ ተረፈች። በዚያች መንገድ ግን ስድሳ ሦስት ልጆች ይመላለሳሉ።

3. ኅዳር 2 ሰባት ሆነን ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጥተን ነበር። መታጠፊያው በባለሙያ የተቸከለ ስለሆነ አይነካም ተብለን ተመለስን። ስድስቱ እያጉረመረሙ ወጡ፤ እኔ ከሁሉም ቀድሜ ወጣሁ።

4. ባለሙያው የቸከለው እዚያ አይደለም። የቸከለው በእኔ ገብስ መካከል፣ ሰፋ ባለው ደልዳላ ላይ ነበር። መስከረም መጨረሻ ላይ ሰው ሁሉ ለቅሶ ሄዶ ሳለ አራቱን ችካል ነቅዬ ወደ ምንጩ ቁልቁለት ያወረድኋቸው እኔ ነኝ። ዶዘሩም መጥቶ ችካሉን ተከትሎ ቆረጠ። ማሳው ለልጄ ለይታያል ጎጆ ሲወጣ የምሰጠው፣ ሌላ የሌለኝ መሬት ነው። ሳሳሁ። ይህ ምክንያት አይሆነኝም፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

5. በቀበሌያችን ሰው ወሰኔ ተገፋ ብሎ ሲጣላ የሚጠራው እኔን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በሰው ድንበር ላይ ቆሜ ድንጋዩ እዚህ ነበር ስል ታምኛለሁ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ እንደሚቸግር የገባኝ ዘሪቱን ከቦዩ ተሸክሜ ሳወጣት ነው። እናቷ እጄን ስማ አመሰገነችኝ። ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

6. ስለዚህ መታጠፊያው ወደ ቀድሞ ቦታው፣ ወደ ማሳዬ እንዲመለስ፤ እስኪመለስም አንድ ተሳቢ እንኳ በተማሪ መግቢያና መውጫ ሰዓት፣ ሰው ወደ አምበር ገበያ በሚወርድበት ቀንም እንዳያልፍ እንዲታዘዝልን በትሕትና እለምናለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ባለሙያው ዛሬ ነገ ሳይባል ይላክልን። ችካሉ የተነቀለበትን ጉድጓድ እኔው አሳያለሁ። በሕግ ብጠየቅ አልከራከርም፤ ሽምግልናዬንም እለቃለሁ። ባለቤቴ ሥራነሽና ልጄ ይህን ገና አልሰሙም፤ ከቢሮዎ ስመለስ እነግራቸዋለሁ።

ገብሱ ለአጨዳ አሥራ አምስት ቀን ይቀረዋል፤ መኪኖቹ የሚመጡት በስምንት ቀን ነው። እስክሰበስብ አይጠብቁኝ፤ ገብሱ እንደቆመ ዶዘሩ ይግባበት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አምሳሉ አካለ ወልድ

ግልባጭ፦
ለቀበሌው አስተዳደር
ለወ/ሮ አይናዲስ አበረ፣ የዘሪቱ እናት