ከጌታሁን ጋር የበላሁት ቆጮ

እትዬ አገርነሽ፣ ከነቤተሰብዎ ሰላም ይሁኑልኝ። ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ልንገርዎ። ወንድምዎ ጌታሁን ደም አስቀምጦት ሲሞት ዘመድ ሁሉ «እህቱ በላከችው ቆጮ መረዘችው» አለ። ያንን ቆጮ እኔም እኩል በልቼ ነበር፤ ምንም አልሆንኩም። ግን ዝም አልኩ፤ እርስዎም ደጃችንን መርገጥ ተዉ።

ሶዶ ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው። የአንጀትና የአፍ ቁስል በዘር ይወረስ እንደሆነ የሚያጠኑ ሰዎችም መጥተዋል። ሩታ የምትባለው አጥኚ ከልጄ ከፀደንያ ምራቅ ወሰደችና፣ «እማማ፣ ከአባቷ ወገን በሕይወት ያለ ሰው አለ?» አለችኝ።

«እህቱ አሉ፤ ሃላሌ ነው የሚኖሩት።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ? ይጥሯቸው እንጂ!»

የሰጠችኝን ወረቀት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጥናት እንጂ ሕክምና አይደለም ይላል።

ፀደንያ ደህና ናት። ቀሚሷን ሁለቴ አጠበብኩላት። ስለ አፏ ቁስል ስጠይቃት «በርበሬው ነው፣ እማዬ» ትለኛለች፤ በርበሬ ከገዛሁ ግን ወር አልፎኛል።

ደብዳቤውን የምታመጣው እሷ ናት፤ ለጥናቱ አብረዋት ይምጡልኝ። ከእጅዎ ትብላ፤ ለስለስ ያለ ይሁንላት። ልጆችዎን ይሳሙልኝ፤ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎ።

የወንድምዎ ሚስት፣ ሶፍያ

ይህ ወረቀት ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ ተቀባይዋ የጌታሁን እህት፣ የፀደንያ አክስት፣ ወይዘሮ አገርነሽ ናቸው።