ወንዱን ፓፓያ ካስቆረጥከኝ ወዲህ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ የሺጥላ፣ አዳማ።

እንዴት ነህ? ወገብህ ብርዱን እንዴት ቻለው? ባለቤትህ እትዬ አይዳስ ደህና ናት? ልጃችን ሔርሜላ አዲሱን ትምህርት ቤት ለመደችው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ፤ መኖሬ ቅር ያሰኘው ሰው ቢኖርም አለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ ሳልጨርስ ስለምትዘጋው ጻፍኩት።

ኅዳር እዚህ ጅግጅጋ ያው እንደምታውቀው ቀኑ ፀሐይ፣ ማታው ቆፈን ነው። ዝናቡ ከቆመ ወዲህ ውሃ በአህያ ጋሪ እያስመጣሁ፣ እቃ ያለቀለቅኩበትን ሳይቀር ለዘይቱኑ አፈስሳለሁ። ጤና አዳሙ ደህና ነው፤ በሶብላውን ለዘር አድርቄዋለሁ። የእማዬ ፓፓያ ግን አበባዋን እንደ ጉድ ታወጣና በሳምንቱ ታረግፈዋለች።

ሐምሌ ላይ ደውለህ፣ ያ ወንዱ ፓፓያ ፍሬ ላይሰጥ ለምን ውሃ ይጠጣል፣ ቁረጪው አልከኝ። እማዬ በሕይወቷ ሳለች ማንንም አታስነካውም ነበር፤ ለጥላው የምትሳሳለት ይመስለን ነበር። ታላቅ ነህና አስቆረጥኩት። ባለፈው ሳምንት ለኅዳር ሚካኤል ከቆሻሻው ጋር ላቃጥለው ብል፣ ግንዱ ውሃ የቋጠረ ነውና ጨሶ ጨሶ ቀረ። ጎረቤታችን ሀምዲያ ጭሱን አይታ መጥታ ራሷን ያዘች። አባዮ፣ እህቴ፣ ባሏን ገድለሽ ነው ልጅ ውለጂ የምትያት አለችኝ። ለካ ሴቷ የምታፈራው በእሱ ኖሯል።

ይህንስ ባለማወቅ ነው ብዬ በተውኩት። አክስታችን እትዬ ቀለምወርቅ ግን ያልካትን ነገረችኝ። ግቢውን ለቶጎጫሌ ነጋዴ መጋዘን ልታከራየው አስበህ፣ ወንዱን ፓፓያ አስወግጄዋለሁ፣ አሁን የቀረችው እህቴ አትጠገብ ናት፣ እሷም ፍሬ የላት፣ ቦታ ይዛ ውሃ ትጠጣለች ብለህ ሳቅክ አሉ። ጋሼ፣ አንጀቴ ነው ያረረው። በ2010 ከተማው ሲታመስ ልጅህን ይዘህ ስትወጣ፣ እማዬን ማን ያስታምማታል ብለህ እግሬ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀረህ። አራት ዓመት አልጋ ላይ አገላበጥኳት። ሊያገባኝ የጠየቀኝን ሰው ለእሷ ስል እንደመለስኩት ታውቃለህ። እኔ ፍሬ የለሿ እዚህ ብቀር አይደል አንተ ልጅህን በሰላም ያሳደግከው?

ከመጨረሻዋ የፓፓያ ፍሬ ያወጣሁትን ዘር በጣሳ ዘርቼ ስድስቱ በቅለዋል። ሀምዲያ እንደምትለው ወንዱ ከሴቷ የሚለየው ሲያብብ ነው። እስከዚያ ሁሉንም አጠጣለሁ። ነጋዴህንም አትላክብኝ፣ በሩን አልከፍትለትም።

እትዬ አይዳን ሳምልኝ። ሔርሜላን፣ ዘይቱኑ ሲደርስ አክስትሽ ትልክልሻለች በላት። አንተንም እግዚአብሔር ልብ ይስጥህ።

ውሃ የምትጠጣው እህትህ፣
አትጠገብ

ጅግጅጋ፣ ኅዳር 19 ቀን 2016 ዓ.ም.