«ፓፉን ትቻለሁ» ያልኩ ቀን

ለታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ ትንፋሽሽ እንዴት ነው? ከሆስፒታል ከወጣሽ ወዲህ የትምህርት ቤቱን ደረጃ ሳታርፊ ትወጪዋለሽ? የናኩሩ አቧራስ ቀነሰልሽ? ልጆቹ፣ ባልሽ፣ አማትሽ ሁሉም ደህና ናቸው ወይ? እዚህ ሊሙሩ ጭጋጉ እስከ ቀትር አልነሳ ብሏል፤ የሻይ ለቃሚዎቹ ሳቅ ይሰማል እንጂ መልካቸው አይታይም። እኔ ደህና ነኝ። ደህና መሆኔ ነው የሚያሳፍረኝ።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ላማችን አውርቼልሽ ዘጋሁ። «ምነው የዚች ላም ወሬ በዛ?» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ወረቀት ዓይን ስለሌለው ልጻፈው።

ባለፈው ያልሽኝ ነገር ዕረፍት ነስቶኛል። «ካፕሱሉ የአንቺን ሳንባ አድኖ የእኔን ያላዳነው እምነቴ ቢጎድል ነው፤ ትንሽ ስጠነክር ፓፉን ትቼ እንደገና እሞክረዋለሁ» አልሽኝ። እኔ ጉደኛዋም «አይዞሽ» አልኩሽ። አይዞሽ! ምላሴን በቆረጠው!

እትዬ፣ እኔ ፓፉን፣ ያን በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒቴን፣ አንድ ቀን እንኳ ትቼ አላውቅም።

ያን የቫይታሚንና የዓሣ ዘይት ካፕሱል መሸጥ ስጀምር እውነቱን ነበር የምናገረው። ሻጮችና ገዢዎች በሚገናኙበት የቅዳሜ ስብሰባ ተነስቼ፣ «ፓፌን ጠዋትና ማታ እስባለሁ፤ ካፕሱሉንም ጨምሬበታለሁ፤ ደህና ነኝ» ብዬ መሰከርኩ። ማንም አላጨበጨበልኝም። አንዷማ አዛጋች። ያቺ አረንጓዴ ሻርፕ የምታስለብሰን መሪያችን ወደ ጓሮ ወሰደችኝና፣ «ማማ ሙጎ፣ ‹ጨመርኩበት› የሚል ምስክርነት ማንን ከወንበሩ ያስነሳል? ‹ተውኩት› በይ እንጂ! አንቺ ቀድመሽ ተናገሪው፣ ሰውነትሽ ይከተላል» አለችኝ። ውሸት ነው አላለችም፤ እኔም አላልኩም።

በሳምንቱ ተውኩት አልኩ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ለፋሲካ መጥተሽ ከኋላ ወንበር ተቀምጠሽ ያለቀስሽው ያን ቀን ነው። እኔ ከመድረኩ ወርጄ ሽንት ቤት ገባሁ፤ በሩን ቆልፌ ፓፉን ከጡት መያዣዬ አውጥቼ ሳብኩ። ድምፁ እንዳይሰማ ብዬ ቧንቧውን ከፍቼዋለሁ። ስወጣ በሩ ላይ ቆመሽ ጠበቅሽኝና አቀፍሽኝ።

የባሰም አለ። «እኔ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል፣ ለቸገረው ስጪልኝ» ብለሽ የተውሽልኝን ቡናማውን፣ በየቀኑ የሚሳበውን መከላከያ ፓፍ ለማንም አልሰጠሁም። እኔው ነኝ የጨረስኩት። አንቺን ናኩሩ ላይ ትንፋሽ አጥሮሽ በጎረቤት መኪና ሲያሯሩጡሽ፣ እኔ እዚህ በአንቺ መድኃኒት ነበር የምተነፍሰው።

ልጠይቅሽ የመጣሁ ጊዜ ሐኪምሽን ኮሪደሩ ላይ አግኝቼ ስለ ካፕሱሉ ጠየቅሁት፤ ሻጭዋ እኔ መሆኔን ግን ደበቅሁት። ልጅ እግር ነው፣ ቢሆንም አልተቆጣኝም። «ቫይታሚንም በይው የዓሣ ዘይት፣ መውሰድ ከፈለገች አምጥታ ታሳየኝ። ለአስም ይሄን ያህል ይረዳል ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም። ግን ምንም ብትጨምር በፓፉ ላይ ነው እንጂ በፓፉ ፋንታ አይደለም። ለመሆኑ ማነው ተይው ያላት?» አለኝ። «እንጃ» አልኩት። አንቺ ደግሞ እኔን ላለማጋለጥ «ረስቼው ነው» ብለሽው ኖሯል። ይህን ከነርሷ ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

እባክሽ እትዬ፣ በእናታችን አጥንት፣ ቡናማውን ጠዋትና ማታ ሳቢ። ደህና ነኝ ባልሽበት ቀንም ሳቢ። እምነትሽ ምንም አልጎደለውም፤ እኔ ነኝ የዋሸሁሽ።

ዛሬስ ምን አስጻፈሽ ትይኝ ይሆናል። ከእኛ ቤት ዝቅ ብላ ያለችውን ልብስ ሰፊዋን ማማ ጋቼሪን ታስታውሻታለሽ? ያን ቅዳሜ ከጎንሽ ተቀምጣ መሐረቧን ያዋሰችሽን? እሷም እንደ እኛው ናት፣ ብርድ ሲመጣ ደረቷ ይዘጋ ነበር። እሷም አመነችኝ፤ ፓፏን ተወች። ሐሙስ ዕለት ለልቅሶ ቤታቸው ሄጄ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ሙኪሞ፣ የተደቆሰ ድንችና በቆሎ፣ በሳህን እየያዘ ይገባል። ባሏ ከሰው መሀል ተነስቶ ጓዳ ገባና ሁለት ያልተከፈቱ ብልቃጦች ይዞልኝ መጣ። በሁለት እጁ ነው የሰጠኝ። «ለሌላ ሰው ይሁኑ። እስከ መጨረሻው ስምሽን በደግ ነበር የምታነሳው» ብሎ አመሰገነኝ። ተቀበልኩት።

ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ተነስቼ ሁሉንም እናገራለሁ። እሱም እንዲመጣ ለምኜዋለሁ። ምን ልትናገሪ ነው እንኳ አላለኝም። «እመጣለሁ። እሷም ምስክርነትሽን ትወደው ነበር» አለኝ።

መልስ ባትጽፊልኝ አልቀየምሽም። መሳብ መጀመርሽን ብቻ በልጅሽ በኩል አሰሚኝ። እግዚአብሔር ትንፋሽሽን አያሳጥርብኝ፤ ለልጆችሽ ያኑርሽ።

ታናሽ እህትሽ