ከጭስ አልባው ምድጃ አጠገብ ስላረፉት ሊቀ መንበራችን ስለ አቶ አብዱልወዱድ ኸድር የወጣ የሐዘን መግለጫ

ለማኅበራችን አባላት፣ ለሰሜን ክፍለ ከተማ ነዋሪዎች፣ በመቐለ ሮማናት አደባባይ ዙሪያ ለምትነግዱና ይህ ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ለምታዩት ሁሉ፤

የሰሜን አብሮነት መረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበር አቶ አብዱልወዱድ ኸድር ረቡዕ ጥር 13 ቀን 2012 ዓ.ም. በሱቃቸው ውስጥ እንዳሉ በተወለዱ በ51 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግስቱ ተፈጽሟል። ማኅበሩ የተሰማው ሐዘን ከባድ ነው። ከሐዘኑ ጋር ፍርሃትም አለበት፤ የፍርሃቱን ምክንያት አንባቢ ወደ ታች ሲወርድ ያገኘዋል፣ መግለጫው የረዘመውም ለዚሁ ነው። ቀድሞ የማኅበራችንን ጽሑፍ የሚጽፉልን ፍርድ ቤት በር ላይ የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ነበሩ። ይህኛው እዚሁ በቤታችን፣ ከማታ ትምህርት በቅርቡ በተመረቀው የማኅበሩ ጸሐፊ እጅ ተጽፏል። ማመልከቻ ጸሐፊዎቹም እንዲማሩበት አንድ ቅጂ ይላክላቸዋል።

አቶ አብዱልወዱድ ወሎ ውስጥ መርሳ ተወልደው በ1985 ዓ.ም. መቐለ ገቡ። ሲገቡ ይዘው የመጡት ሁለት እጃቸውን ብቻ ነበር፤ እነሱንም በዚያው ሳምንት ለሸክም ሥራ አዋሏቸው። ከሸክም ወደ ልባሽ ጨርቅ፣ ከልባሽ ጨርቅ ወደ ፍራሽና ብርድ ልብስ ንግድ ተሸጋግረው፣ ሮማናት አካባቢ በከፈቱት ሱቅ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሠርተዋል። ትግርኛን በመርሳ ዜማ ይናገሩት ስለነበር የሚሰማቸው ይወዳቸው ነበር፤ የማይሰማቸውም ይስቅላቸው ነበር። የወሎውም የትግራዩም ሰው የሚጠራቸው በአንድ ስም፣ «አያ አብዱ» ብሎ ነው።

በ1994 ዓ.ም. ከወሎ የመጡ ሠራተኞችና የሰፈሩ ተወላጆች ይህን ማኅበር ሲመሠርቱ፣ ድንኳኑ ሁለት ይሁን የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። «ሞት ሲመጣ እስላም ነህ ክርስቲያን ነህ ብሎ አይጠይቅም፤ ድንኳኑም አይጠይቅ» ብለው አንድ ያስደረጉት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ሳምንት እሳቸውን ያለቀስንበት ድንኳን ያው ነው።

በ2009 ዓ.ም. ለማኅበሩ አዳራሽ ቴሌቪዥን አስገቡ። በክፍለ ከተማው ከሚገኙ መረዳጃ ማኅበራት እንዲህ ያለ ሰፊ ቴሌቪዥን ያለው የለም፤ አለኝ የሚል ካለ ተሸክሞ ይምጣና ይለካ። ከዚያ ወዲህ እሁድ ከሰዓት አባላት ተሰብስበው «ያዋጣል?» የተባለውን ፕሮግራም ያያሉ። ለማያውቀው ለማስረዳት ያህል፣ አዲስ ነገር የፈጠሩ ሰዎች ሥራቸውን ይዘው ባለሀብቶች ፊት ይቆማሉ። ባለሀብቶቹ የወደዱት ላይ ገንዘባቸውን ያስገባሉ፣ ያልወደዱትን «አያዋጣም» ብለው ያሰናብታሉ።

አቶ አብዱልወዱድ ይህን ፕሮግራም ተቀምጠው አይተው አያውቁም። ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው ፈጣሪዎቹን ንግድ ያስተምሯቸው ነበር። «ዝም በል ልጄ፣ ዋጋ ቀድመህ አትጥራ። እነሱ ይጥሩ» ይሉታል አዲስ አበባ ያለውን ልጅ። በባትሪ የሚሠራ የበለስ መላጫ ያመጣውን ወጣት «ባትሪው ሲያልቅ በቢላ ልንልጠው አይደል? እንግዲያው ቢላውን አምጣው» ብለው አሰናብተውታል። ሲሰረቅ የሚጮህ ጫማ ያመጣችውን ልጅ ግን «ይቺስ ለመስጊድ በር ናት» ብለው አጨበጨቡላት። አባላችን ወ/ሮ ጣይባ «ሌባው ሁለተኛውን ጊዜ መቀስ ይዞ ይመጣል፣ ደወሉን ቆርጦ ለእርስዎ ይተውልዎታል» ብትላቸውም ሐሳባቸውን አልቀየሩም። እሳቸው ያጨበጨቡለትን አዳራሹ ያጨበጭብለታል። ልማዳችን ይህ ነበር።

በኅዳር ወር 2012 ዓ.ም. ከእኛው ሰፈር፣ በውቅሮ መውጫ ካለው የብየዳ ቤት፣ የአባላችን የወ/ሮ ኣረጋሽ ልጅ መሓሪ በ«ያዋጣል?» ቀረበ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያይ ነበር። መሓሪ ያቀረበው ከበርሜል ላሜራ የሠራውን ጭስ አልባ የቤት ማሞቂያ ነው። ከሰሉን ባለሀብቶቹ ፊት አቀጣጠለው፤ ጭስ የሚባል አልታየም። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ከባለሀብቶቹ አንዷ፣ መነጽር ያደረጉት፣ ግን «የት ይሄዳል?» ብለው ጠየቁት።

«ጭስ የለውም» አለ መሓሪ።

«ጭስ እንደሌለው እያየሁ ነው። የማይታየው የት ይሄዳል ነው ያልኩህ።»

መሓሪ ጎንበስ ብሎ ምድጃውን ተመለከተ። መልሱን እኛ ከአዳራሹ ሰጠንለት። አባላችን አቶ ሃይለማርያም «የማይታየውንማ ቄስ ይጠይቁ» አለ፤ አያ አብዱም «ሼህም ይጨመርላቸው» ብለው አዳራሹን በሳቅ ገደሉት። ሴትዮዋ «ሰው ቤቱን ዘግቶ የሚሞቅበትን ነገር አልነካም» ብለው ወረቀታቸውን አጣጠፉ። ሌሎቹም ተከትለው አያዋጣም አሉ። መሓሪ ምድጃውን እንደታቀፈ ከስክሪኑ ሲወጣ እናቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ያን ጊዜ አቶ አብዱልወዱድ ወንበር ላይ ወጡና «እነሱ አያዋጣም ካሉ እኛ እናዋጣለን» አሉ። በመቐለ ቴሌቪዥን ተመልካች ዘንድ ከዚህ የተሻለ መልስ ተሰጥቶ አያውቅም።

በዚያው ወር ማኅበሩ ለመሓሪ ላሜራ ገዛለት። ምድጃው ለአባላት ታደለ፤ አንዱ አዳራሹ ውስጥ ገባ፤ የቀረው በአያ አብዱ ሱቅ ተደርድሮ ይሸጥ ጀመር። ብርድ ልብስ የሚሸጥ ሰው ማሞቂያ ሲያሞግስ በንግድ ታሪክ የመጀመሪያው ሳይሆኑ አይቀሩም። ከሰል በተዘጋ ቤት እንደሚገድል እዚህ ከተማ የማያውቅ የለም። ይገድላል ብለን የምናውቀው ግን ጭሱን ነው። ጭስ ከሌለ ደግሞ በር መክፈት ሙቀቱን ለጎረቤት መስጠት ነው ብለን የአዳራሹን መስኮቶች በካርቶን ደፈንን፤ ስክሪኑም በጨለማው ውስጥ አምሮ ይታይ ጀመር።

በታኅሣሥ ወር እሁድ እሁድ የሆነውን አባላት ሁሉ ያስታውሳሉ። ፕሮግራሙ ሲጋመስ ራስ ምታት ይጀምረን ነበር። ወ/ሮ ጣይባ «ይቺ መነጽራም አፏን ስትከፍት ራሴ ለሁለት ይሰነጠቃል» ትል ነበር። አንዱ እያጥወለወለው ወጥቶ «የባለሀብት ነገር አንጀት ያዞራል» ብሎ ተመለሰ። ሃይለማርያም አገር እየጮኸ ወንበሩ ላይ ተኛ፤ ተሳቀበት። ተበትነን ንፋስ ሲነካን ሕመሙ ይለቀናል። ቴሌቪዥኑ ስለጠፋ መሰለን።

ጥር 13 ቀን በመቐለ ንፋሱ ብርቱ ነበር። አቶ አብዱልወዱድ ከዙሁር ሰላት ተመልሰው ምሳቸውን በሱቃቸው በሉ፤ በሩን ዘግተው ምድጃውን ወደ ፍራሾቹ አስጠጉ። ጎረቤታቸው ባለስፌቷ ወ/ሮ ኣኽበረት በመስታወቱ አጮልቀው አይተዋቸዋል። ፍራሽ ላይ ተደግፈው፣ ፊታቸው ቀልቶ፣ ሙሽራ መስለው ነበር ይላሉ። ደንበኞች ሲመጡ «ኣያ ኣብዱ ደክሟቸው ተኝተዋል፤ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ትንሽ ይረፍ፣ በኋላ ኑ» እያሉ መልሰዋቸዋል። ለዐስር ሰላት ከመስጊድ ሲቀሩ በሩ ተሰብሮ አስከሬናቸው ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። ወ/ሮ ኣኽበረት ከዚያ ቀን ጀምሮ የስፌት መኪናቸውን አልነኩም። ማኅበሩ ለእሳቸው የሚለው ይህ ነው፤ ወንድምን ማሳረፍ በደል አይደለም። ያዩትን ማንኛችንም ብናይ እንዲያው ነበር የምናደርገው።

የሆስፒታሉ ሐኪም ግቢው ውስጥ ለተሰበሰብነው የሞቱን ምክንያት ሲነግሩን ሃይለማርያም «ዶክተር፣ ምድጃው እኮ ጭስ የለውም» አለ።

«ስለሌለው ነዋ» አሉት። «ጭስ ዘበኛ ነው። ያስልሃል፣ ዓይንህን ያቃጥልሃል፣ ከቤት ያስወጣሃል። እናንተ ዘበኛውን አባረራችሁና ሌባውን አስገባችሁ። የሚገድለው ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። መጀመሪያ ራስ ያሳምማል፤ ከዚያ እንቅልፍ ነው።»

ራስ ያሳምማል ሲሉ አባላት ተያየን። ወ/ሮ ዙሀራ፣ የሟች ባለቤት፣ ከልቅሶአቸው መሀል ድንገት ቀና ብለው «ሩፋይዳ ቤት አንድ አለ» አሉ።

ሩፋይዳ ኲሓ የምትኖር ልጃቸው ናት። አራስ ናት። አባቷ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን እንዳይበርደው ብለው ምድጃውን በገዛ እጃቸው ወስደውላት ነበር። የአራስ ቤት ደግሞ እንደሚታወቀው በሩም መስኮቱም አይከፈትም። ስልኳ ይጠራል፣ አይነሣም። ሃይለማርያም መኪና አስነሥቶ እናትየውን ይዞ ሄደ። በሩ ብዙ ከተደበደበ በኋላ ሩፋይዳ ግድግዳ ይዛ ከፈተች። «እማ፣ ምነው? ራሴን ብቻ ነው ያመመኝ። ሕፃኑ ደህና ነው፤ ከትናንት ወዲህ ማልቀስ ትቷል፣ ጸባዩ አምሯል» አለች። ወ/ሮ ዙሀራ ያን ቃል እንደሰሙ ሕፃኑን ከነመጠቅለያው አንሥተው ወደ ንፋሱ ሮጡ። አራስን ንፋስ ይመታታል ብሎ የከለከላቸው አልነበረም። እናትና ልጅ ታክመው ድነዋል። ሕፃኑ አሁን ሰፈሩን እስኪያስቸግር ያለቅሳል፤ በዚህ ሐዘን መሀል ማኅበሩን ያጽናናው እሱ ነው።

እንግዲህ የፍርሃታችን ምክንያት ይህ ነው። መሓሪ ከቀብሩ ማግሥት ጀምሮ ምድጃዎቹን ለመሰብሰብ ቤት ለቤት እየዞረ ነው። የሚመልሱለት አሉ። በር የሚዘጉበት ግን ይበዛሉ። «አስፈራርተውህ ነው፤ እኛ የሠራኸውን ካንተ ይበልጥ እናውቀዋለን፣ ሞቆናል» ይሉታል። «አያ አብዱ አጀላቸው ደርሶ ነው፤ ምድጃው ምን አደረገ» የሚሉ አሉ። አንዲት እናት ደግሞ «ይህን ብመልስ ያቺ መነጽራም ትስቅብናለች» ብለውታል። ማኅበሩ ለእኒህ እናት በአክብሮት ይመልሳል፤ ሴትዮዋ አይስቁም፣ እኛ መኖራችንንም አያውቁም። ብርዱ ግን እያንዳንዳችንን ያውቀናል፤ ንፋሱም ገና አልበረደም። መሓሪን ሊመታ የተነሣ ሰውም ስለነበር ይህን ማኅበሩ ይከለክላል። ምድጃውን የሠራው እሱ ቢሆንም በሩን የዘጋነው እኛ ነን።

ከሁሉ የከፋው ግን አድራሻቸውን የማናውቃቸው ናቸው። ከአያ አብዱ ሱቅ ብርድ ልብስ ሊገዙ ገብተው ምድጃ ይዘው የወጡ አሉ። ወደ ዓዲግራት የሄደ አለ፤ ወደ ማይጨው የሄደ አለ፤ አውቶቡስ ጣራ ላይ ታስሮ ወደ ወልድያ የተጓዘም አለ። ሟች ደንበኞቻቸውን በፊታቸው ነበር የሚያውቋቸው፤ ያንን ዕውቀት ይዘውት ሄደዋል። እነዚያ ሰዎች ዛሬም ራሳቸውን እያመማቸው በሌላ ነገር እያመካኙ ሊሆን ይችላል።

ማኅበሩ ለባለቤታቸው ለወ/ሮ ዙሀራ፣ ለልጃቸው ለሩፋይዳ፣ ለጎረቤታቸው ለወ/ሮ ኣኽበረት፣ በሮማናት ለሚነግዱ ባልደረቦቻቸውና እሁድ እሁድ ከኋላቸው ቆመን ላጨበጨብን ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። አላህ ማረፊያቸውን ሰፊ፣ አየሩንም ንጹሕ ያድርግላቸው። የአዳራሹ መስኮቶች ካርቶናቸው ተነሥቷል፤ ለቅሶ ደራሾች የሚቀመጡት በዚያው ነው። ስለሚበርድ ጋቢ ይዛችሁ ኑ።

የሰሜን አብሮነት መረዳጃ ማኅበር
መቐለ፣ ጥር 18 ቀን 2012 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ይህን መግለጫ ማንበብ ለማይችል ቤተሰብ ወይም ጎረቤት ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብ ሰው እንደሚኖር እናውቃለን፤ እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አድማጮች ነበርን። አንባቢው የተቀመጠው ያ ምድጃ ካለበት ቤት ከሆነና የሚያዳምጡት እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው፣ ጽሑፉ ሰልችቷቸው አይደለም። በሩ ይከፈት።