ጭስ ውስጥ ሆና «አለች» ስለተባለችው ልጄ

ለክቡር የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። ራስዎን፣ ወገብዎን፣ ደም ግፊትዎን እንዴት አድርጎዎታል? ከሁሉ ይልቅ ጆሮዎስ እንዴት ነው? ስለ ጆሮዎ ነጥዬ የምጠይቀው ለክፋት አይደለም፤ ባለፉት ዓመታት ቢሮዎ ድረስ እየተመላለስኩ የተናገርኩት ሁሉ የት ደርሶ እንደቀረ ስላላወቅሁ፣ ምናልባት ሕመሙ እዚያ ጋ ይሆን ብዬ በመስጋቴ ነው።

እኔ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው መንገድ ዳር የሴቶች ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። ስምንተኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለችኝ፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም። ባለፈው ሳምንት በማኅተምዎ ተረጋግጦ የደረሰኝ ወረቀት፣ ልጄ «ለራሷ ደኅንነት ሲባል» ከዚህ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ ቤቷ እንድትቀመጥ ያዛል። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ያ ትእዛዝ እንዲነሳልኝ ነው። ከዚህ በታች የማነሳው ሁሉ ወደዚያው የሚወስድ መንገድ ነውና እስከ መጨረሻው ቢያነቡልኝ ውለታዎን አልረሳም።

አስተያየት እንድሰጥም የጋበዛችሁኝ ራሳችሁ ናችሁ። በዋናው በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ፣ ማኅበረሰቡ ስለ ደኅንነት፣ ስለ መረጃ ልውውጥና ስለ እኩልነት ያለውን ሐሳብ በሳጥኑ ውስጥ በነፃነት እንዲከት ይለምናል። ሳጥኑ ያለው ግቢው ውስጥ ነው፤ ወላጅ ደግሞ ያለ ቀጠሮ ግቢ አይገባም። ሳጥኑ ባዶ መገኘቱንና ማኅበረሰቡም ቅሬታ እንደሌለው በስብሰባ ላይ መግለጽዎን ስሰማ፣ እንዲህ ያለ ብልሃት በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሊደርስበት እንደማይችል ገብቶኝ አደነቅሁ። ለማንኛውም በማስታወቂያችሁ ቅደም ተከተል እሄዳለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ደኅንነት።

ልጄ ትምህርቷን የምትከታተለው የመምህራኖቿን ከንፈር እያየች ነው። ከንፈር የሚያይ ዓይን ደግሞ በዚያው ቅጽበት ደብተር ላይ ሊያቀረቅር አይችልም። ስለዚህ ጓደኞቿ ለዕረፍት ሲወጡ እሷ ክፍል ቀርታ ከሰሌዳው ላይ ትገለብጣለች። ይህን የማያውቅ መምህር የለም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ትጋቷን ለሌሎች ምሳሌ አድርገው ይናገራሉ፤ እግዜር ይስጣቸው።

በዚያ ቀንም እንደ ልማዷ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ትገለብጥ ነበር። ከደረጃው ሥር ባለው መጋዘን፣ አሮጌ ወንበርና የቀለም ቆርቆሮ በታጨቀበት፣ እሳት ተነሳ። ደወሉ ተደወለ። ደወላችሁ እኮ ስመ ጥር ነው፤ እኔ ስፌት ቤት ድረስ ይሰማል፣ እኔም ሰምቼው የዕረፍት ማብቂያ መስሎኝ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባቴን ቀጠልኩ። የፎቁ ተቆጣጣሪ ተማሪ ጭሱ እንዳይዛመት በተማረው መሠረት በኮሪደሩ እየሮጠ በሮቹን አንድ በአንድ ዘጋ። የልጄንም ክፍል ዘጋ። ውስጡን እንዲያይ አልተማረም ነበርና አላየም።

ሁሉም ሜዳው ላይ ከተሰለፈ በኋላ የስም ጥሪ ሆነ። እዚህ ላይ ክቡርነትዎ የማያውቁትን አንድ የክፍሉን ልማድ ልንገርዎ። ልጄ ስሟ ሲጠራ ስለማትሰማ፣ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋ «አለች» ትልላታለች። ይቺ ጓደኛዋ አፏ ስለማያርፍ ልጆቹ «ሬዲዮ» ይሏታል፤ ለሁለት የምትናገር ልጅ ናት። መምህራኑ ደግሞ ቀና ብሎ ማየት ዳገት ሆኖባቸው ነው መሰለኝ፣ «አለች» መባሉን ከሰሙ ልጄ መኖሯ ይበቃቸዋል። ዓመታት እንዲህ አለፉ። በዚያ ቀንም የክፍል ኃላፊዋ መምህርት ስሟን ጠሩ፤ ሬዲዮም ዓይኗ ጭሱ ላይ እንዳለ፣ አፏ እንደለመደው «አለች» አለች። ምልክት ተደረገ። እርስዎም በድምፅ ማጉያው ሁሉም ተማሪ መውጣቱን አበሰሩ።

ልጄ ፎቅ ላይ ነበረች።

ሬዲዮ አንድ ነገር ልታሳያት ዘወር ስትል ነው ቦታው ባዶ መሆኑን ያየችው። ያን ጊዜ የጮኸችው ጩኸት እንኳን ለሰው ለግንቡም የተሰማ ይመስለኛል። የሥነ ሕይወት መምህሩ ጋዋናቸውን አፋቸው ላይ ጠምጥመው ደረጃውን ወጡ። ልጄ የጭሱ ሽታ ደርሷት በሩን ብትከፍት ኮሪደሩ ጨልሞባት መልሳ ዘግታው፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ መስታወቱን በመዳፏ ትደበድብ ነበር። ተሸክመው አወጧት። እኚህን መምህር ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ትምህርት ቤቱም አልረሳቸውም፣ መመሪያ ጥሰው ወደ ሕንፃው ተመልሰዋል ተብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷቸዋል። ሬዲዮን ደግሞ «ሐሰተኛ መረጃ ሰጥታለች» ብላችሁ ሰልፍ ፊት አቁማችሁ ይቅርታ አስጠየቃችኋት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። ያቺ አፏ የማያርፍ ልጅ ከዚያ ወዲህ ስፌት ቤቴ መጥታ ጥግ ላይ ትቀመጣለች፤ ክር ስጪኝ ስላት ትሰጠኛለች፣ ቃል ግን አይወጣትም። እናቷ «እባክሽ አናግሪልኝ» ትለኛለች። ምን ብዬ ላናግራት?

ሁለተኛ፦ ስለ መረጃ ልውውጥ።

ስለ ቃጠሎው ያወቅሁት ከትምህርት ቤቱ እንዳይመስልዎ። ቀሚሷን እየለካሁላት የነበረች ደንበኛዬ፣ ጫፉ ላይ ስፒል እንደተሰካ፣ ስልኳን አየት አድርጋ «ውይ፣ ትምህርት ቤቱ ጋ ጭስ አለ እየተባለ ነው» አለች። ሜትሩ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ሮጥኩ። የጥበቃ ሠራተኛው ግን ጨዋ ሰው ናቸው፣ ጭሱ ከኋላቸው እየተነሳ፣ «እናቴ፣ ዛሬ የወላጅ ቀን አይደለም፤ ቀጠሮ አስይዘው ይምጡ» አሉኝ። እኔም በብረቱ በር ቀዳዳ እጄን አሾልኬ፣ መስማት የማትችል ልጄን በስሟ ስጣራ ነበር። ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገውን አያውቅም።

ሲያወጧት ፊቷ ጠቁሮ ከዓይኗ በቀር የሚታወቅ ነገር አልነበረውም። ካሳላት ሳል ስታርፍ በእጇ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሁሉም የት ሄዱ?» የምትል። ክቡር ሆይ፣ ብዙ ጥያቄ ጠይቃኝ ታውቃለች፤ አንጀቴን እንደዚህ የቆረጠው ግን የለም። 

ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሳለሁ መልእክታችሁ በቴሌግራም ቡድኑ ደረሰኝ። እንዲህ ይላል፦ «በዛሬው ዕለት የተካሄደው የአደጋ መከላከል ልምምድ በታቀደለት መሠረት በስኬት ተጠናቋል፤ ለተማሪዎቻችን ሥነ ሥርዓት ምስጋና ይገባል»። ከሥሩ የሚያጨበጭቡ እጆች ተደርድረዋል። ቃጠሎው ልምምድ እንደነበር ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ ያን ያህል ባልጮህኩ፤ ላደረስኩት ሁከት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጥያቄ ልጽፍ ብሞክር ቡድኑ ውስጥ መጻፍ የሚፈቀደው ለአስተዳደሩ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፦ ስለ እኩልነት።

ለዓመታት የለመንኳችሁ አንድ ነገር ነበር፤ ደወሉ ሲደወል አብሮ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት በልጄ ክፍል ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ወንድሜ መብራቱንም ሽቦውንም ከራሱ ችሎ፣ በእረፍቱ ቀን ገብቶ ሊሠራላችሁ ፈቃደኛ ነበር። በመጀመሪያ ግድግዳው አዲስ ቀለም ስለተቀባ መብሳት እንደማይቻል ተነገረኝ። ቀለሙ ሲያረጅ ጉዳዩ ኮሚቴ ፊት ቀረበ፤ ኮሚቴውም ሌላ ኮሚቴ ወለደ፤ እንኳን ማርያም ማረችው ልል አስቤ ነበር። በዚህ መሀል በዋናው በር አናት ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰሌዳ ተሰቀለ። በቀይና በአረንጓዴ እየበራና እየጠፋ «እዚህ ሁሉም ልጅ እኩል ነው» ይላል። ወንድሜ ቆሞ አየውና፣ «እህቴ፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አይቻልም ያሉሽ እነዚህ ናቸው?» ብሎ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

የመቀመጫውንም ነገር ላንሳ። የፊት ወንበር በደረጃ ለወጡ ልጆች ነው፤ ልጄ ከኋላ ሆና የመምህሩ ከንፈር አይታያትም፤ ስለማይታያት ደረጃዋ ያሽቆለቁላል፤ ደረጃዋ ስላሽቆለቆለ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ይህን በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ስናገር ምክትልዎ በትሕትና «እሱ የግል ጉዳይ ስለሆነ ቢሮ ይምጡ» ብለው ማይኩን ወሰዱብኝ። ቢሮ ስመጣ ደግሞ በስብሰባ ላይ እንዳነሳው ተመከርኩ። ሁለቱንም ምክር በእኩል ዓይን ማየቴን እንዲያውቁልኝ እወዳለሁ።

አራተኛ፦ ማስታወቂያችሁ ርዕስ ስላልሰጠው ጉዳይ።

እንግዲህ እዚህ ሁሉ ከደረስን በኋላ መፍትሔ ተገኘ፤ መፍትሔውም ልጄን ማስወጣት ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ደወሉ በቦታው ይቀራል፣ የታጨቀው መጋዘን በቦታው ይቀራል፣ ቀና ብሎ የማያይ የስም ጥሪ በቦታው ይቀራል፤ የምትወጣው አንዲት ልጅ ናት። ወረቀቱ «ተስማሚ ቦታ እስኪፈለግላት ድረስ» ይላል። ማን ነው የሚፈልገው? የት? ምክትልዎን ብጠይቃቸው ተስማሚው ትምህርት ቤት ሌላ ከተማ እንዳለና ወረፋው ረጅም መሆኑን ነገሩኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

አሁን ማሾፉን ልተው፤ ማሾፍ አቅም ያለው ሰው ሥራ ነው፣ የእኔ አቅም አልቋል። ክቡር ሆይ፣ እፈራለሁ። ስትማርም እፈራለሁ፤ ያ ጭስ ዓይኔ ላይ አለ። ቤት ስትቀርም እፈራለሁ፤ ቤት የቀረች መስማት የማትችል ልጅ ምን እንደምትሆን ሰፈራችን ውስጥ አይቻለሁ። መጀመሪያ ጓደኞቿ ይመጣሉ፤ ቀጥሎ ይቀራሉ፤ ኋላ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ግቢ ትባላለች። ልጄ ግን ሐኪም እሆናለሁ ትላለች። ትሁን አትሁን አላውቅም። ሳትሞክረው እንዳትቀር ግን ጉልበትዎን ስሜ እለምናለሁ። አንድ መብራት፣ አንድ የፊት ወንበር፣ ስም ሲጠራ ቀና የሚል አንድ ሰው፤ ሌላ ምንም አልጠየቅሁም። ይህ ከበዛባችሁ የበዛውን ንገሩኝና ልቀንስ።

ስለ ወረቀቱ ለልጄ አልነገርኳትም። ትምህርት ቤቱ እየታደሰ ነው አልኳት። አመነችኝ፤ ጠዋት ጠዋት ዩኒፎርሟን ተኩሳ ወንበር ላይ ታንጠለጥላለች፣ ሠራተኞቹ መቼ እንደሚጨርሱም በእጇ ትጠይቀኛለች። የሚመጣው ሰኞ ብያታለሁ።

የሥራ ጫናዎን ታግሠው፣ የማኅበረሰቡን ድምፅ ለመስማት ባሳዩት የማያልቅ ትጋት፣ ለጭሱም ለዝምታውም ለማስጠንቀቂያውም ለወረቀቱም ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያመሰገንኩ፣ ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ ከጤናም የጆሮን ጤና አብዝቶ እንዲሰጥዎ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
በስም ጥሪው ላይ የነበረች፣ ክፍሉ ውስጥ ግን የቀረች ልጅ እናት

ግልባጭ፦ ሰምቶ መልስ ለሚሰጥ፣ ከተገኘ

ማሳሰቢያ፦ ሰኞ ጠዋት ይዣት እመጣለሁ። እንዳትገባ የወሰናችሁት ውሳኔ የጸና ከሆነ እኔ አልነግራትም፤ ቋንቋው የለኝም። ጥበቃውም ከበሩ ውስጥ ሆነው ቢጮሁ አይሰማትም፤ ወረቀት ብታሳዩአትም አንብባ «ለምን?» ማለቷ አይቀርም። ስለዚህ እርስዎ ራስዎ ይውጡላት። ብርሃን ፊትዎ ላይ እንዲያርፍ አድርገው ከፊቷ ይቁሙ፣ ቀስ ብለው፣ ከንፈርዎን ሳይሸፍኑ፣ ዓይን ዓይኗን እያዩ «አንቺ አትገቢም» ይበሏት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚነግሯት፤ አትስትም።