ያልጠጣኸው መጠጥ

የሜሮን አባት፣ ታምራቴ፣

ከተለያየን ዘጠነኛ ወራችንን ያዝን። ሱቁ አለ፤ ይህች የስደት ሰፈራችን ቴምቢሳም እንደተውካት ናት። ባኪውን፣ ያን የጭነት መኪናህን፣ ልሸጠው አስቤ ነበር፤ በኋላ ግን መንጃ ፈቃድ አወጣሁና አሁን ዕቃ የማመጣው እኔው ነኝ። ብታየኝ ትስቅብኝ ነበር፤ መሪውን እንደ ሕፃን አቅፌ ነው የምይዘው። ሜሮን በቁመት ልትደርስብኝ ትንሽ ቀርቷታል። ጎጎ የምንላት አሮጊቷ ደንበኛህም፣ ዳቦ ልትገዛ በመጣች ቁጥር ስላንተ መጠየቋን የተወችው በቅርቡ ነው።

የምጽፍልህ ግን የቤቱን ወሬ ለመንገር ብቻ አይደለም። በሕይወት ሳለህ ያልነገርኩህ ነገር አለ።

ሕመምህ ሲጀምርህ ሕመም አይመስልም ነበር። ጎጎ ዳቦ ስትልህ ሳሙና ሰጠሃት፤ እሷም ሳቀች፣ አንተም ሳቅህ። ቆየት ብሎ ምላስህ መተሳሰር ጀመረ። ስትራመድ ትንገዳገዳለህ። አንድ እሁድ ጸሎት እንድትመራ ተጠርተህ ቆምክና ቃሉ ጠፋብህ። ሕዝቡ አንገቱን ደፋ። ፕሮግራሙ ሲያልቅ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ጴጥሮስ ወደ ጎን ወሰዱኝና፣ "እህት አስቴር፣ ባልሽን በደንብ እዪው። ይህች አገር ስንቱን ቀይራለች" አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ።

"እሱ እንደዚያ አይደለም" ማለት ነበረብኝ። አገር ቤት ሆሳዕና እያለን ሰርግ ቤት ጠላ ሲዞር ብርጭቆህን በመዳፍህ ሸፍነህ ውሃ የምትጠይቅ ሰው እንደነበርክ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ግን አመስግኛቸው ወጣሁ።

ያን ቀን ከሰዓት ጋደም ስትል አጠገብህ ተቀምጬ አፍህን አሸተትኩ። እንደበሰበሰ ፍራፍሬ የሚጣፍጥ፣ እንግዳ ሽታ ነበረው። ተነሥቼ የጃኬትህን ኪሶች ፈተሽኩ። ከፍሪጁ ጀርባ፣ ከባኪው ወንበር ሥር፣ ከመደርደሪያው ኋላ ጠርሙስ ፈለግሁ። ምንም የለም። የሚያሳፍረኝ ይሄኛው ነው፦ ሳጣው እፎይ አላልኩም፤ "እንዴት አድርጎ ነው የደበቀው?" አልኩ።

ሆስፒታል የሄድነው ዓይንህ ቢጫ ሆኖ ሆድህ ውሃ ከቋጠረ በኋላ ነው። ወጣቷ ሐኪም አልትራሳውንድ አንሥታህ ጉበትህ ጠባሳ በጠባሳ ሆኖ መጨማደዱን ነገረችን፤ ስሙም ሲሮሲስ ነው አለች። አስከትላ በቀን ስንት ቢራ እንደምትጠጣ ጠየቀችህ። "ቀምሼ አላውቅም" አልካት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ደግማ ጠየቀችህ። በሦስተኛው ወደ እኔ ዞረች። "አይጠጣም" አልኳት፤ ድምፄ ግን በቅጡ አልወጣም። አንተ ወለል ወለሉን ታይ ነበር።

ደምህ ለጉበት ቫይረስ ተመረመረ፤ ነጻ ነህ ተባልክ። ብረት ተጠራቅሞበት ይሆናል አሉ፤ አልሆነም። መዳብም አይደለም። የገዛ ሰውነትህ ጉበትህን እየተዋጋው እንደሆነም ተመረመረ፤ እሱም የለም። ስኳርም ውፍረትም አልነበረብህም። በመጨረሻ ከጉበትህ በመርፌ ናሙና ወሰዱና ጠብቁ አሉን። ሐኪሟ ውጤቱን ይዛ ስትመጣ ወንበሯን ወደ እኛ አስጠጋች። "የምናውቀውን ሁሉ ፈልገናል፤ ከምን እንደመጣ አላገኘንም" አለች። ጉበት መርዝ ማጣራት ሲያቅተው አንጎልን እንደሚያደነዝዝ፣ ያልጠጣውን ሰው የሰከረ እንደሚያስመስል፣ የአፉን ጠረን እንኳ እንደሚቀይር ያስረዳችን ያኔ ነው። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

አንተ አንድ ነገር ብቻ ለመንካት። "ዶክተር፣ መጠጥ እንዳልሆነ ትጽፊልኛለሽ?" ጥቂት አየችህና፣ መጠጥ የማይጠጣ፣ የሕመሙ ምክንያት ያልታወቀ ብላ ጽፋ ፈረመችበት።

ከግቢው ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ ወረቀቱን አጥፈህ ሰጠኸኝ። "እሁድ ለጋሽ ጴጥሮስ አሳያቸዋለሁ" አልኩህ።

"ለሳቸው አይደለም" አልክ ቀስ ብለህ። "ላንቺ ነው።"

ለካ ታውቅ ኖሯል። ኪስህን ተገልብጦ አግኝተኸው ነው? ወይስ ያን ቀን አፍህን ሳሸት እንቅልፍ አልወሰደህም ነበር? ይቅርታ ልልህ አፌን ስከፍት፣ "ፀሐዩ በረታ፣ ወደ ጥላው እንጠጋ" አልክና ክንዴን ያዝክ።

ከዚያ አምስት ወር ኖርክ። ሐኪሟ ያዘዘችልህ ሽሮፕ አእምሮህን መለሰልህ፤ ሌላ ጉበት የማግኘቱ ተራ ግን አልደረሰህም። ጋሽ ጴጥሮስ ነገሩን ከእኔ ሰምተው መጡ፤ አልጋህ ጫፍ ተቀምጠው አለቀሱ። አንተም እጃቸውን ይዘህ መዝሙር አስጀመርካቸው። እሳቸው ይቅርታቸውን በእንባም ቢሆን ተናገሩት፤ እኔ ዛሬ ነገ እያልኩ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት አመለጥከኝ።

ዛሬ ልበለው፤ ይቅር በለኝ። ሌላው ሰው ስላላወቀህ ጠረጠረህ። እኔ ዐሥራ አራት ዓመት አብሬህ ኖሬ ነው።

ባለፈው ወር ሜሮንን አስመረመርኳት፤ ጉበቷ ደህና ነው። ስንመለስ፣ "ማሚ፣ ታዲያ ዳዲ ከምን መጣበት?" አለችኝ። "አይታወቅም" አልኳት። ሳላፍር ነው ያልኩት።

ሰው በምን እንደሞትክ ሲጠይቀኝ "በጉበት" እላለሁ። ከዚያ ቃል በኋላ ሰዉ ትንሽ ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ምን እንደሚታሰብ አውቃለሁ፤ እኔም አስቤዋለሁና። አልረሳህም ስልህ፣ ያን ዝምታ ከእንግዲህ ባዶውን አልተወውም ማለቴ ነው። ታምራት የሚባል ሰው ነበር ብዬ እጀምራለሁ፤ ዜማ የማይሆንለት፣ መዝሙር ግን የማያልፈው፤ የወንድሙ ሱቅ ዳቬይተን ሰፈር በተዘረፈ ጊዜ ፈርቶ እንዳይዘጋው ሳምንት ሙሉ አብሮት ደጃፉ ላይ የቆመ። ሰሚው እስኪያውቅህ ድረስ እነግረዋለሁ።

አስቴርህ