ከሐኪሞቹ ጎን ተቀምጠን

ስርጉትዬ፣

ከሞጣ ነው የምጽፍልሽ። የካንሰር ሐኪሞች እንደ እኔ የታከሙ ሰዎችንና ቤተሰቦችን ምከሩን ብለው ከጎናቸው አስቀመጡን። ቢቸና ሐኪም ፊት አንገታችንን ደፍተን አይደል የምንወጣው? እዚህ ጋሽ እንዳለው የሚባሉ ሽማግሌ ብድግ አሉ።

«ሚስቴ በሽታዋን ሳታውቅ ሞተች።»

«ለባለቤቷ ለእርስዎ ነግረን ነበር» አለ አንዱ ሐኪም።

«የሕመሙ ባለቤትማ እሷ ነበረች!»

ሐኪሙ ወደ ባልደረቦቹ ዞሮ፣ «እንግዲያው ቀድመን ለታካሚው እንንገር» ሲል ሁላችንም ተስማማን።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። የእናትሽ የምርመራ ውጤት ሐሙስ ይመጣል፤ ክፉ ከሆነ ልትደብቂያቸው እንዳሰብሽ አውቃለሁ። እባክሽ አብረሻቸው ግቢና አብራችሁ ስሙ። የወረቀቱ ቦታ አለቀብኝ፤ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አይዞሽ።

ብሩክታይት